አሮጌው ኤም 5 እና ሃይብሪዱ ተተኪ፦ ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ቢኤምደብሊው ኤም 5 ስንከራከር ስንት ከሰዓት አልፏል። መኪናው የማናችንም ቤት የለም፤ መከራከር ግን አይከፈልበትም። አንዱ ወገን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ኢ39 ይዟል፤ ሌላው በ2024 የመጣውን ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን)፣ ጂ90ን። ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የፈረስ ጉልበት ብቻ መቁጠር ነው። አሮጌው 400፣ አዲሱ 727። «በቃ፣ አለቀ!» ይላል ወዳጄ። አላለቀም። አሮጌው 1,795 ኪሎ ገደማ ሲመዝን አዲሱ 2,435 ነው። ልዩነቱ ከስድስት ኩንታል ጤፍ ይበልጣል። ስድስት ኩንታል ተጭኖ ኩርባ መዞር ምን እንደሚመስል የአይሱዙ ሹፌር ጠይቁ። እንዲያውም ጂ90 ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ሃይብሪድ ያልሆነው ኤም 5 ኮምፒቲሽን በ3.3 ይደርሳል።

ሁለተኛው የጀርመኑን ቁጥር እንዳለ ጎጃም ማምጣት ነው። ኢ39 ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያ 400 የፈረስ ጉልበት እኛ ዘንድ 300 ገደማ ሆነ ማለት ነው። አዲሱ ቱርቦ ስላለው ብዙም አይጎዳም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ደግሞ ጭራሽ አየር አይፈልግም። እኔ የአሮጌው ወገን ነኝ፤ እዚህ ላይ ግን ዝም እላለሁ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚገርመኝ፣ አቀበቱን አስልቶ ቁልቁለቱን መርሳት ነው። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። አሮጌውን ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ነው፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነው የወረዱት። ሃይብሪዱ ግን ሲወርድ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑንም ያሳርፋል። በክብደቱ ሲሰላ ቁልቁለቱ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት አለው፤ ነፋስና ጎማ የሚበሉት ሳይቀነስ ማለት ነው። ባትሪው የሚይዘው 18.6 ነው። ደጀን ላይ ባትሪውን ሞልቶ የደረሰ ሰው ግን ይህን ሁሉ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። እሱም ማርሽ ቀንሶ በሞተር ካልያዘው ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል። እዚያ ሙቀት፣ በዚያ ክብደት! ከማርቆስ በኤሌክትሪክ እየነዱ ባትሪውን አጉድሎ መምጣት ይሻላል።

የነዳጅ ፍጆታውም እንዲሁ ያሳስታል። ወረቀቱ ላይ አዲሱ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ2 ሊትር በታች ይጠጣል ተብሏል። ይህ ባትሪው በየጊዜው ቻርጅ ሲደረግ ነው። መብራት ጠፍቶ ባዶ ባትሪ ይዛችሁ ከወጣችሁ የቀረላችሁ 4.4 ሊትር ቪ8 ሞተርና ብዙ ኪሎ ነው።

የመጨረሻው «አሮጌው ርካሽ ነው፣ አዲሱም ያው መኪና ነው» የሚለው ነው። ኢ39 ሲገዛ ይረክሳል፤ ቫኖሱ (የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) እና የሞተር ሰንሰለቱ ሲያስቸግሩ ግን ዕቃው ኪስ ያራቁታል። ቢሆንም የሰፈራችን መካኒክ ሊፈታው ይችላል። አዲሱን ከፍቶ ብርቱካንማውን ሽቦ ሲያይ ግን፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ከሌለው፣ ቁልፉን አስቀምጦ እጁን ይሰብስብ።