የቪክቶሪያ ዘመን ልጅነትን ለወሎ ልጆች እንዴት እናስተምር?

ደሴ ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901) የእንግሊዝ ልጆች እንዴት እንዳደጉና በምን እንደተጫወቱ ስታስተምሩ ከለንደን አትነሱ። እኛው ወሎ ውስጥ ካለው ከመቅደላ ተነሱ።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) ከመቅደላ ሲወስደው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። እሱ እንግሊዝ ገብቶ ንግሥቲቱ ፊት ቀረበ፤ ቼልተንሃምና ራግቢ በሚባሉ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። ይህን ስትነግሯቸው አትቸኩሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። «እዚያ አገር የእሱ እኩዮች ምን ይጫወቱ ነበር?» ወደሚለው ምሯቸው።

ለማግስቱ አያቶቻቸውን በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደነበር ጠይቀው ይምጡ። ገበጣ፣ ቅልልቦሽ፣ ብይ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ይዘውላችሁ ይመጣሉ። ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉና ከጎኑ የእንግሊዞቹን ጻፉ፦ ብይ፣ እሽክርክሪት፣ የእንጨት አሻንጉሊት፣ በዱላ እየመቱ የሚነዱት የእንጨት ወይም የብረት ክብ። አሮጌ ጎማ ሲነዳ የዋለ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አሁን ይሥሩ። ታውማትሮፕ የሚባለው የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጆች መጫወቻ የሚፈልገው የብስኩት ካርቶንና ሲባጎ ብቻ ነው። የሻይ ብርጭቆ አፉን ካርቶኑ ላይ ደፍተው ዙሪያውን ያስምሩና በመቀስ ይቁረጡ። ግራና ቀኝ ጠርዙን በወስፌ በስተው፣ በየቀዳዳው ስንዝር የሚያህል ሲባጎ ይሰሩ። በአንዱ ገጽ ወፍ ይሳሉ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉ፦ ካርቶኑን እንደ ደብተር ገጽ ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ገልብጠው ነው ጎጆዋን መሳል ያለባቸው። ሁለቱን ሲባጎ በጣታቸው እያሹ ፈጥነው ሲያሽከረክሩት ዓይን ሁለቱን ሥዕሎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ ወፏ ጎጆዋ ውስጥ ትገባለች። የጨረሰ ልጅ በአንዱ ገጽ ፈረስ፣ በሌላው ፈረሰኛ ይሞክር።

በዚያ ዘመን ሃይማኖት በሚያጠብቁ ብዙ ቤቶች እሑድ ጨዋታ ክልክል ነበር፤ የሚፈቀደው የኖኅ መርከብ መጫወቻ ከነእንስሳቱ ነው። ታሪኩን የእኛም ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች እኩል ያውቁታል። ከብት ከጭቃ መሥራት ደግሞ ማን ያስተምራቸዋል! ጭቃ አቅርቡና ተዉአቸው።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስለ ልጆች ሥራ ነው። ፊቱ ከሰም የተሠራ አሻንጉሊትና የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ የሀብታም ቤት ዕቃ ነበር። የድሃ ልጅ ፋብሪካና ከሰል ማውጫ ይውላል። ሴቶች በሙሉና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ከሰል ማውጫ ውስጥ ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲውል የታዘዘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880። ከትምህርት መልስ ከብት የሚጠብቅ ወይም ጫማ የሚጠርግ ልጅ እናንተም ክፍል አለ። ስሙን ጠርታችሁ ምሳሌ አታድርጉት፤ ራሱ መናገር ከፈለገ ግን ጊዜ ስጡት። ቀኑ ከጠበባችሁ መርከቡን ተዉት፣ ይህን ክፍለ ጊዜ ግን አትዝለሉት።