የፋርማሲ ሲስተም ቁጥሩ ሲዛባ፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

መደርደሪያው ላይ ያለውና ሲስተሙ የሚያሳየው አልገጥም ሲል ጣት የሚቀሰረው ሻጩ ላይ ነው። እስቲ መጀመሪያ ዳታቤዙ ይታይ።

ስቶኩ አይገጥምም

መለኪያውን ፈትሹ። ግዢ በፓኬት ይገባል፣ ሽያጭ በስትሪፕ (ፍሬዎቹ በተደረደሩበት ቅጠል) ወይም በፍሬ ይወጣል። 10 ስትሪፕ የያዘ ፓኬት «1» ተብሎ ከተመዘገበ አንዷ ስትሪፕ ስትሸጥ ቀሪው ዜሮ ይላል። ሁሉንም በትንሹ የመሸጫ መለኪያ መዝግቡ፤ ፓኬቱን ሲስተሙ ራሱ ያባዛው።

መለኪያው ደህና ከሆነ ችግሩ ቀሪውን እየሰረዙ አዲስ ቁጥር መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ሲስተም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀነሰ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ግዢ፣ ሽያጭ፣ ተመላሽ፣ ብልሽት፣ የቆጠራ ማስተካከያ ሁሉ የየራሱ መስመር ይኑረው፤ ቀሪው ከእነሱ ተደምሮ ይምጣ። ስህተት ቢገባም አይሰረዝም፣ በተቃራኒ መስመር ይስተካከላል። የሒሳብ ሰዎች ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቁታል፤ ፕሮግራመሮች ናቸው የሚረሱት።

ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል

ሁለት ካውንተሮች የመጨረሻዋን ፍሬ እኩል ሸጠዋል። «አለ ወይ?» የሚለው ማጣሪያና ቅነሳው በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም በማይነጣጠል አንድ የዳታቤዝ ሥራ ውስጥ ይሁኑ፤ እሱ እስኪያልቅም ቀሪው ተቆልፎ ሌላው ካውንተር ይጠብቅ።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይሸጣል

ይሄ ቀልድ አይደለም። መንስኤው ብዛቱ በመድኃኒቱ ስም ብቻ መያዙ ነው። በባች ቁጥር (አብሮ የተመረተው ምርት በሚለይበት ቁጥር) ይያዝ፤ እያንዳንዱ ባች የራሱ ማብቂያ ቀን አለው። ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ የሚያበቃው ይውጣ፣ ምክንያቱም ዘግይቶ የመጣ ባች ቀድሞ ሊያበቃ ይችላል። ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቅ አይበቃም፣ ሽያጩ ይታገድ። ተራው ባለመስመር ባርኮድ አብዛኛውን ጊዜ ባችና ቀን አይዝም፤ አራት ማዕዘኑና ነጠብጣባሙ ኮድ፣ ዳታማትሪክስ፣ ግን ሊይዝ ይችላል። እሱ ከሌለ ዕቃው ሲገባ በእጅ ይሞላ፣ ሳይሞላም አይለፍ። አምራቹ አንድን ባች ከገበያ ሲሰበስብ ለማን እንደተሸጠ የምታውቁትም በዚሁ ነው።

አንዱ መድኃኒት ሁለት ቦታ ይታያል

አንዱ «ፓራሲታሞል»፣ ሌላው ያንኑ በንግድ ስሙ «ፓናዶል» ብሎ ጽፏል። ንጥረ ስሙ፣ መጠኑ (ሚሊግራሙ) እና ዓይነቱ (ክኒን፣ ሽሮፕ) ለየብቻ ይመዝገቡ፤ የንግድ ስሙ ከሥራቸው ይግባ። ሻጩ ከዝርዝር ይምረጥ እንጂ አይጻፍ።

የቅርንጫፍ ሽያጭ ሁለቴ ይቆጠራል

ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ ያው ሽያጭ ዳግም ተልኳል። መለያ ቁጥሩን ቅርንጫፉ ገና ሲሸጥ ይስጠው፤ ዋናው ሰርቨር ያንን ቁጥር ዳግም ካየ ሳይመዘግብ ይለፈው።