በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ አነስተኛ ባለሙያዎች፦ የሥራ ወጪን ማስያዝና የተቀነሰ ቅድመ ግብርን ማስመለስ

በደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ብየዳ ቤት ከፍቶ ለኮምቦልቻ ድርጅቶች በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ ክፍያውን ሲቀበል ከላዩ ላይ ዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ድርጅት ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ቅድመ ግብር) ይቀነስበታል። ይህ ገንዘብ በስሙ አስቀድሞ የተከፈለ ግብር በመሆኑ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከሚወሰንበት ግብር ላይ ሊታሰብለት ይገባል። የሚታሰብለት ግን የተቀነሰበትን ደረሰኝ ካቀረበ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደረሰኙን ቼኩን በሚቀበሉበት ዕለት እዚያው ይጠይቁ። ሐምሌ ከገባ በኋላ የድርጅቱን ሒሳብ ክፍል ለማግኘት ከደሴ ኮምቦልቻ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፤ የከፈለዎት ሠራተኛም ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ላይ ስምዎ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ፣ ጠቅላላ ክፍያውና የተቀነሰው መጠን በትክክል መጻፋቸውን ከቢሮው ሳይወጡ ያረጋግጡ፤ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ገንዘቡ በሌላ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ወጪን በተመለከተ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ግብርዎ በቁርጥ (አስቀድሞ በተተመነ መጠን) ወይም በሽያጭ መጠን ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ከሆነ ወጪዎ ለብቻው የማይቀነስ መሆኑ ነው። ወጪ የሚቀነሰው የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲሻሻል የግብር ከፋይ ደረጃዎችም ስለተለወጡ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚገኙ ከከተማዎ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ጠይቀው ይረዱ። ትርፉ ጠባብ፣ የዕቃ ወጪው ግን ከባድ ለሆነ ሙያ መዝገብ መያዝ ድካሙን ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ተቀናሽ የሚሆነው ገቢውን ለማግኘት የግድ የወጣ ወጪ ነው፤ የላሜራና የቱቦላሬ ግዢ፣ ኤሌክትሮድ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የመብራት ክፍያ፣ በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ፈርሞ የሚወስድ ረዳት ደመወዝ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የቤት አስቤዛና የትራፊክ ቅጣት አይገቡም። የብየዳ ማሽን ዋጋም በአንድ ጊዜ አይቀነስም፤ በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ የሚታሰብ ሲሆን፣ ለምሳሌ 40,000 ብር የተገዛ ማሽን በቀጥተኛ ስሌት (በየዓመቱ እኩል መጠን) 15 በመቶ ቢታሰብ ለሙሉ ዓመት 6,000 ብር ይቀነሳል።

ለእያንዳንዱ ግዢ በስምዎና በመለያ ቁጥርዎ የተቆረጠ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ስስ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጥቂት ወራት ሲቆይ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ በተለይ ብየዳ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰኔ ሳይደርስ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በተገዛበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ያያይዙት።

የግብር ዘመኑ ሰኔ 30 ሲያበቃ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞችዎን ደምረው ከዓመታዊ የግብር ማሳወቂያው ጋር ያቅርቡ። ዓመቱን ሙሉ የተቀነሰብዎት 4,200 ብር፣ የተወሰነብዎት ግብር ደግሞ 3,000 ብር ቢሆን 1,200 ብር ብልጫ ይኖርዎታል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ይህ ብልጫ አስቀድሞ ሌላ የታክስ ዕዳ ካለብዎት ለዚያ ይውላል፤ ከሌለብዎት በስምምነትዎ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፣ አለበለዚያም ይመለስልዎታል። ተመላሽ ከፈለጉ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበው በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ።

ደረሰኝዎ ሳይታሰብ ግብር ከተወሰነብዎት የውሳኔ ማስታወቂያው በደረሰዎት በ21 ቀናት ውስጥ ለዚያው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላሉ፤ ከተቃውሞው ጋር ያልታሰበውን ደረሰኝ ቅጂ ያያይዙ፣ ዋናውን ግን ለማመሳከሪያ ብቻ አሳይተው መልሰው ይውሰዱት።