«የማን ዘፈን ነው?» ወላጆች ከልጆቻችን ሙዚቃ ጋር ስንኖር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ድስቱ በበዛ ቁጥር ድምጿም ይጨምራል። 2013 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኩሽና ቆማ በትግርኛ ስትዘፍን ሰማኋት። ያኔ 12 ዓመቷ ነው። ትግርኛ አታውቅም። ቃላቱን እየሰባበረች፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ ሳትስት፣ በሳሙና እጇ የሳፋውን ጠርዝ እንደ ከበሮ እየመታች ትለዋለች።

ጊዜው የጦርነት ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከጎን ቤት «ይማርህ» የሚባልበት። ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት።

«ቀስ በይ» አልኳት።

«ለምን?»

«ጎረቤት ይሰማል።»

«ቢሰማስ እማ? ዘፈኑ ምን አደረገ?»

መልስ አልነበረኝም። ዕቃውን አብሬያት አጠብኩና ዝም ብዬ ወጣሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጆቼ ሙዚቃ ሲሰሙ እኔ እነሱን አያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ሳይሰሙ «የማን ነው?» ማለት

እኛ ትልልቆቹ አዲስ ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው የዘፋኙን ስም ነው። ከስሙ ወደ አባቱ ስም እንሄዳለን። ከአባቱ ስም ወደ «ከየት ነው?» እንሄዳለን። ጆሯችን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለአንዳንዱም ጭራሽ አይከፈትም።

ልጆች የሚመጡት ከሌላኛው በር ነው። ልጄን ልብ ብዬ አየኋት። መጀመሪያ ምቱን ትይዛለች። ቀጥሎ ዜማውን። ቃሉን የምትፈልገው ዘፈኑን አሥር ጊዜ ከሰማችው በኋላ ነው። ዘፋኙ የት ተወለደ የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም አይመጣም። አንድ ቀን «ይሄ ደግሞ ማነው?» ስላት፣ «አላውቀውም፤ ግን እዚህ ጋ ድምፁን እንዴት እንደሚያነሳው ስሚማ» ብላ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው። ሰማሁ። እውነትም ያነሳዋል።

የሚገርመኝ፣ ይሄንን ነገር እኛም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኬኩ ተቆርሶ ጭፈራው ሲጀመር ባንዱ ከእስክስታው ወደ ጉራጊኛው፣ ከጉራጊኛው ወደ ወላይታው ያልፋል። የኦሮምኛው ረገዳ ይመጣል። የትግርኛው ጓይላ ሲገባ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ጉልበቷን የሚያማት አክስቴ እንኳ ጉራጊኛ ሲመጣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትገባለች። በዚያች ሰዓት «የማን ነው?» የሚል የለም። ሰኞ ጠዋት ግን ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን።

ያሳደጉን ድምፆችም እንዲህ አልነበሩም። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። መርካቶ ያደገው ማህሙድ አህመድ ጉራጊኛውን ሲለው ያልተነሳ ማን አለ? በ2015 ዓ.ም. ያረፈው የድሬዳዋው ዓሊ ቢራ ደግሞ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛና በስዋሂሊ ዘፍኗል። እነዚህን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን መስኮት የምንዘጋው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሳ። «መቻቻል» እንላለን። የቃሉ ሥር «መቻል» ነው። «ቻልኩት» ስንል ከበደኝ፣ ግን ተሸከምኩት ማለታችን ነው። ክፉ ጎረቤት ይቻላል። የጥርስ ሕመም ይቻላል። ልጄ ግን ያን ቀን ኩሽና ውስጥ የሰው ዘፈን እየቻለች አልነበረም። ወዳው ነው። ለልጆቻችን መቻቻልን እናስተምራለን እያልን እንደክማለን፤ እነሱ ከመቻቻል አንድ እርምጃ አልፈው ቆመዋል። ከነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

«ይሄም ሙዚቃ ሆኖ ነው?»

ይቺው ልጅ አሁን 17 ሞልቷታል፤ የሰሞኑ ፍቅሯ አማፒያኖ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ሎግ ድራም የሚሉት ወፍራም ቤዝ ያለው። ስትከፍተው ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። «ቀንሺው፣ ይሄ ጩኸት ነው!» አልኳት። እናቴ ሶፋው ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ቀና ብላ «አባትሽም ያንቺን ካሴት እንዲሁ ነበር የሚለው» አለችኝ። ረስቼው ነበር። አባቴ ቴፑን ከነገመዱ ነቅሎ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀለበትን ቀን ሳይቀር ረስቼው ነበር።

«የድሮ ዘፈን» ብለን የምንሳሳለት ሁሉ አንድ ወቅት ላይ ባዕድ ነበር። ትራምፔትና ሳክስፎን የአዝማሪ ቤት ዕቃ አይደሉም። ያኔ ራስ ተፈሪ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ሄደው 40 አርመናውያን ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወላጆቻቸውን በአርመናውያን ላይ በደረሰው እልቂት ያጡ ልጆች ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከአብዮቱ በፊት የተማሩ ሰዎች በየጠዋቱ ባንዲራ ሥር ቆመው የዘመሩት ያንን ነው። ስደተኛ የሠራውን ዜማ።

ሙላቱ አስታጥቄን ደግሞ አስቡ። ጅማ ተወልዶ፣ በእንግሊዝና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ ቫይብራፎንና ኮንጋ ይዞ መጣ። አራቱን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አገናኛቸው። ዛሬ ያ ሙዚቃ ለእንግዳ «የኛ ነው» ብለን በኩራት የምንከፍተው ነው። እነ ሮፍናን የገጠሩን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ምት ውስጥ ሲያስገቡ የሚሠሩት ሥራ ከዚያ ብዙም አይርቅም ባይ ነኝ።

አሁን አማፒያኖ ሲከፈት «አጥፊው» አልልም፤ «ቀንሺው» እላለሁ። ሁለቱ ይለያያሉ። ብርጭቆዎቹም የኔ ናቸው።

ዜማ ሃይማኖት ያስለውጣል ብሎ መደንገጥ

ትንሹ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የልብ ጓደኛው የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ልጅ ነው፤ ሙስሊሞች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። ሁለቱ ልጆች ማን ይበልጥ እንደሚጾም ይፎካከሩ ነበር፤ ሁለቱም ለመጾም ገና ናቸው። አንድ ማታ ልጄ እግሩን እየታጠበ መንዙማ ሲያዜም እናቴ ሰማችው። ክው አለች። «በጾም ምድር! ማን አስተማረው?» አለችኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ይመስል።

ልጁ እግሩን ከሳፋው ሳያወጣ መለሰላት። «እቴቴ፣ እሱም እኮ ያንቺን በገና ሰምቷል። ወዶታል።»

እውነቱን ነው። እናቴ በጾሙ ማታ ማታ በገና በስልኳ ትከፍታለች። ያ ልጅ መጥቶ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። «እንደ ንብ ለምንድነው የሚለው?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም አሥሩን አውታሮች፣ በየአውታሩ ሥር የምትገባውን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋን፣ አስረድታዋለች። ድምፁን እንዲያ የሚያነዝረው እሷ ናት። የጓደኛው እናት ልጃቸው በገና በመስማቱ ሲቆጡ አልሰማሁም።

እናቴ የተወለደችው ወሎ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚገኝበት አገር። መንዙማ ለጆሮዋ አዲስ አይደለም። ትንሽ ዝም አለችና «አጎቴ ሲሉት እንዴት ያምር ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ልጁም እግሩን ጨረሰ።

እኔ ሃይማኖት ቤት ውስጥ በደንብ መማር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ልጄንም አስተምራለሁ። የጎረቤቱን ምስጋና በጆሮው ስላለፈ ግን የራሱን አይረሳም። የሚረሳ ከሆነ ጥፋቱ የመንዙማው ሳይሆን የኔ ማስተማር ነው።

ቃሉን ሳይጠይቁ ማገድ፣ ወይም ሁሉንም ዝም ብሎ ማሳለፍ

አንዳንድ ወላጅ የማያውቀው ቋንቋ ሁሉ ስድብ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ዘመናዊ ነኝ» ብሎ ስልኩን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዘፈን ሰውን ሊያዋርድ ይችላል። አንድን ሕዝብ የሚሰድብ ዘፈን በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ በኔም ቋንቋ ቢሆን፣ ቤቴ አይከፈትም። በዚህ አልደራደርም።

ግን ጠይቁ። «ምን እያለ ነው?» በሉ፤ በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ። ልጄን እንዲህ ስጠይቃት አንዱን ዘፈን ራሷ ከስልኳ አጠፋችው። በአማርኛ ነበር። «ቢቱ አሪፍ ነው፣ ግን ሰው ይሳደባል» አለችኝ። የሷ ሚዛን ከኔ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። እኔ በቋንቋው ነበር የምመዝነው፤ እሷ በሚለው ነገር።

«ባህላችንን ረሱ» ብሎ ቶሎ ማዘን

ይሄኛው በተለይ ውጭ አገር ላሉት ነው። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጇ እዚያው ተወልዶ አድጎ ራፕ ብቻ ይሰማል ብላ ስልክ ላይ ስታማርር ዓመታት አለፉ። መኪና ውስጥ ትዝታ ስትከፍት እሱ የጆሮ ማዳመጫውን ያደርጋል። እሷ ድምፁን ትጨምራለች። እሱም ይጨምራል።

አንድ ቀን ልጁ «ማሚ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?» ብሎ የራፐሩን የናስንና የሬጌ ዘፋኙን የዴሚየን ማርሊን ዘፈን ከፈተላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ከራፑ ሥር የሚሄደው የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነበር። መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች። በግድ ልትሰጠው ስትታገል የነበረውን እሱ በራሱ መንገድ ዞሮ አግኝቶታል። ከዚያ በኋላ ዋናውን እሷ አሰማችው። አሁን መኪና ውስጥ ተራ አላቸው፤ አንድ የሷ፣ አንድ የሱ። ስለ ግጥሙ የሚጠይቃት በሷ ተራ ነው አሉ፤ አማርኛውም በዚያ እየተሻሻለ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ቶሎ ልበል። አንደኛው፣ መሣሪያ ልማር ያለን ልጅ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ማሸማቀቅ ነው። አዝማሪነት ሙያ ነው፤ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ሁለተኛው፣ የማንወደውን ወደድን ማለት ነው። ልጆች ለይምሰል የሚነቀነቅ ጭንቅላት ወዲያው ያውቃሉ። «እኔ አልገባኝም፣ ያንቺን ግን ንገሪኝ» ማለት ይበቃል።

ጎረቤትን ሳያውቁ ለጎረቤት መፍራት

ወደዚያ ወደ ዘጋሁት መስኮት ልመለስ። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እናት ይኖራሉ። የአዲግራት ሰው ናቸው። ልጆቹ ሁሉ «አደይ» ነው የሚሏቸው። በዚያ ሁለት ዓመት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጭር ነበር። አዲግራት ያለች እህታቸውን ድምፅ መስማት አይችሉም ነበር፤ ስልኩ ተቋርጧል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ አንድ ማታ ከላይ የልቅሶና የሳቅ ድምፅ አንድ ላይ ሰማን። እህታቸው ስልኩን አንስታለች።

በነጋታው ልጄ ደብተሯን ገንጥላ ያንን ዘፈን እንደሰማችው በፊደል ጻፈችው። ይዛው ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ አፍሬም ፈርቼም። አደይ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መሳቅ ጀመሩ። ስቀው ስቀው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይሄ እኮ የሙሽራ ነው! ሙሽራ ስትወጣ የሚባል ነው!»

የሰርግ ዘፈን። መስኮት የዘጋሁት ለሰርግ ዘፈን ነው።

ከዚያ ማረም ጀመሩ። አማርኛችን ውስጥ ሀሌታው «ሀ»ም ሐመሩ «ሐ»ም አንድ ድምፅ ነው የሚሰጡት። በትግርኛ ግን ሐመሩ «ሐ» የራሱ ድምፅ አለው፤ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። «ከታች አምጪው፣ እንደሞቀው ሰው ተንፍሺ» ይሏታል። ልጄ ትሞክራለች፣ ትስላለች፣ ደግማ ትሞክራለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምትጽፈው ፊደል እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያወቀችው ያን ቀን ነው። እኔም ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከመውጣታችን በፊት አደይ ወደኔ ዞሩ። «ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትዘፍን እሰማት ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን ተወችው። ምነው፣ አሟት ነበር?»

ምን ብዬ ልመልስ? «መስኮቱን እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ አደይ» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ፣ ምንም አላሉም። ቡና ሊያፈሉ ተነሱ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሽናችን መስኮቱ ክፍት ነው። ልጄ ሳፋውን እየመታች ሙሽራዋን ትሸኛለች። «ሐ»ዋን ስትስት ከላይ በረንዳ ላይ አንድ ድምፅ ያርማታል።