የቲማቲም ፍሬ መበስበስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሸዋሮቢት፣ በጀውሃና በአጣዬ አካባቢ በመስኖ የሚለማ ቲማቲም ፍሬው ሊቀላ ሲል መበስበስ ከጀመረ፣ ብዙው አምራች አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ኬሚካል መሸጫ ነው። ከዚያ በፊት የተበላሹትን ፍሬዎች እያገላበጡ ብስባሱ ከየትኛው ጎን እንደተነሣ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዓይን የሚመሳሰሉ ብስባሶች መንስኤያቸው ስለሚለያይ፣ ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው የባከነ ገንዘብ ነው።

የፍሬው ግርጌ ጠቁሮ ከሰረጎደ

ከዘንጉ በተቃራኒ ያለው ጫፍ ጠቁሮ፣ ወደ ውስጥ ገብቶና ደርቆ ከታየ፣ በተለይም ፍሬው መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ እያለ ከሆነ፣ መንስኤው ፈንገስ ሳይሆን ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ስለሆነ፣ ማሳው ለብዙ ቀናት ደርቆ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲጥለቀለቅ፣ በአፈሩ ውስጥ ካልሲየም ቢኖርም ፍሬው ያጣዋል። በኋላ ላይ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ የሞተውን ሥጋ ተከትሎ የመጣ ነው። ውሃውን በመጠኑና ቀኑን ሳያዛንፉ ማጠጣት፣ ዩሪያም ማብዛት መተው ነው እንጂ ርጭት አይረዳም።

መሬት የነካው ጎን ቡናማ ከሆነ

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ ከአፈር የመጣ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተከበቡ ሰፋፊ ቡናማ ቀለበቶች፣ ጠርዛቸው ለስላሳና ያልተለየ ሆኖ ከታዩ ፊቶፍቶራ የተባለው ተሕዋስ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ የተለየና መካከሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ራይዞክቶኒያ የተባለው ፈንገስ ነው። ፊቶፍቶራ በጥብቅ ሲነገር ከፈንገስ ወገን ሳይሆን በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዘር ያለው ፍጥረት በመሆኑ፣ ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ማሳ ላይ ይበረታል። ሜታላክሲልና ማንኮዜብ የተቀላቀለበት መድኃኒት ፊቶፍቶራን ቢገታም፣ በራይዞክቶኒያ ላይ ሊታመኑበት አይገባም። ለሁለቱም የሚበጀው ፍሬውን ከአፈር መለየት ነው፦ ተክሉን በእንጨት መደገፍ፣ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ ከሥሩ ጭድ ማንጠፍና ቦዩ ውሃ እንዳይቋጥር ማስተካከል።

ተክሉ ጠውልጎ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ነጭ ሻጋታ ካለ

በቆላው ቀበሌዎች እጅግ የሚያሰጋው ይህ ነው። ስክለሮሺየም የተባለው ፈንገስ ግንዱን ዙሪያውን በልቶ ተክሉን ይገድላል፤ አፈር የነካውንም ፍሬ አለስልሶ ያፈሰዋል። በነጩ ሻጋታ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል። እነዚህ እንክብሎች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ የታመመውን ተክል ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በከረጢት አውጥቶ ማቃጠል ይገባል፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ ኮምፖስት መጣል በሽታውን በገዛ እጅ መዝራት ነው።

ሰብል ማፈራረቁ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። በአካባቢው ከቲማቲም ቀጥሎ የሚዘሩት ማሾ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ሁሉም ለዚህ ፈንገስ ምግብ ናቸው፤ ስለዚህ ማሳው ሰብል ቀየረ እንጂ በሽታው አላረፈም። ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ጤፍ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት መግባት አለበት። እንክብሎቹ የሚበቅሉት ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ሲሆኑ ነው፤ የበሬ ማረሻ ግን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ ስለማይገለብጥ ወደ ጥልቀት አይቀብራቸውም። ገልባጭ ማረሻ ያለው ትራክተር ከተገኘ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች መቅበር ይቻላል፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ያንኑ ያህል ጠልቆ ማረስ የተቀበረውን መልሶ ያወጣዋል።

ለችግኝ መደብ የቆላው ፀሐይ ራሱ መሣሪያ ነው። ከክረምቱ በፊት ባሉት ሞቃት ሳምንታት መደቡን አለስልሶ፣ በደንብ አጠጥቶና ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ሸፍኖ፣ ጠርዙን በአፈር ደፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መተው ነው። ጥቁር ላስቲክ ጨረሩን ራሱ ስለሚይዘው አፈሩን የዚያን ያህል አያሞቀውም።

በቀላ ፍሬ ላይ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ከታዩ

መካከላቸው ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት አንትራክኖዝ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ገብቶ ሲበስል ስለሚገለጥ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቀላ መልቀምና የወደቀውን ከማሳ ማውጣት ይጠቅማል። በለቀማ ጊዜም አፈር የነካውን ፍሬ በሌላ ሣጥን መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ የተለከፈ ፍሬ ከሸዋሮቢት አዲስ አበባ እስኪደርስ በዙሪያው ያሉትን ሊያበላሽ ይችላል።