ስለ ኮድ ፈቺዎች ስትጽፉ እነዚህን ተዉ

የታሪክ ጽሑፎችን ሳርም ዓመታት አለፉ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮድ ፈቺዎች የሚመጣልኝ ግን ያው ነው። አንድ ሊቅ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ሌሊት፣ ድል!

ኧረ ተዉ። በእንግሊዝ ኮድ መፍቻ ማዕከል በብሌችሊ ፓርክ የሠራው የሒሳብ ሰው አለን ቱሪንግ ሊቅ አልነበረም ያለ የለም። ታዲያ ይኸው ሊቅ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1941 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ለጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ሲጽፍ ምን ጠየቀ? ጸሐፊዎች። ሰው ስላነሰ የጀርመን ባሕር ኃይል መልእክቱን የሚመሰጥርበትን የኢኒግማ ማሽን ቁልፍ ማግኘት በየቀኑ ቢያንስ 12 ሰዓት ይዘገያል፤ ለዚህ ሥራ 20 ያህል ያልሠለጠኑ ሴት ጸሐፊዎች ይጨመሩልን ነው የሚለው። በተለመደው መንገድ ጠይቀው ጠይቀው ሰልችቷቸዋል። ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ሚልነር ባሪ፣ ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ዳውኒንግ ስትሪት ሄደ። ቸርችልም የሚፈልጉት ሁሉ ቅድሚያ ተሰጥቶት ይሟላ ብሎ አዘዘ። ሰውና መሣሪያ ማን ይደልድል የሚለውን ሳታነሱ ስለ ሊቁ ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹን ታሪክ ጥላችሁታል።

ሁለተኛውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። «ብሌችሊ ፓርክ የጀርመንን ሬዲዮ ጠለፈ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሰሚ ሌላ፣ ፈቺ ሌላ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ትርጉም የለሽ ፊደላት ሲጽፍ የሚያድረው ሰው አለቃው በአብዛኛው የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉ ወይም የአየር ኃይሉ ነበር። ብሌችሊ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሥር ነው። ይህን ፍሪኩዌንሲ ስሙልን ብሎ ይለምናል እንጂ አያዝም። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይፈታ የነበረው የጀርመን አየር ኃይል ኢኒግማ ነው፤ እሱን ከሚሰሙት ዋነኛው ግን ቻተም የሚገኘው የምድር ጦሩ ጣቢያ። ምድር ጦሩ «መሣሪያው የኔ፣ የምሰማው የሌላ ሰው ጠላት?» ቢል ይፈረድበታል? ጠቡ ኮሚቴ ለኮሚቴ ሲንከባለል ቆይቶ በ1941 የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት ኃላፊ ስቱዋርት ሜንዚስ የሚመራው፣ የሬዲዮ ጠለፋውን የሚያስተባብር ዋይ ቦርድ ተቋቋመ።

ቦምብ የሚባለው፣ የኢኒግማን ቁልፍ የሚፈልገው የብሌችሊ ማሽን አይፈነዳም። (አንዱ «እንግሊዞች በርካታ ቦምቦች አጠመዱ» ብሎ ልኮልኛል። ስቄ ልሞት።)

ፖላንዶችን አትርሱ። ኢኒግማን በ1932 መጨረሻ የፈታው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሰው ማሪያን ሬየቭስኪ ነው።

ኮሚቴ ተቀምጦ ተስማማ ማለት በብልሃት ተስማማ ማለት አይደለም። አሜሪካኖችን እዩ። የጃፓንን ዲፕሎማቲክ መልእክት ምድር ጦሩም ባሕር ኃይሉም ልፍታ አሉ። አንዱም ለሌላው አልለቅም ስላለ በ1940 በቀን ተካፈሉት፤ ሙሉ ቁጥር ቀን የምድር ጦሩ፣ ጎዶሎ ቁጥር ቀን የባሕር ኃይሉ። ልጆች በብስክሌት ተራ ሲጣሉ እንዲህ ነው የሚታረቁት።

የሚያናድደኝ የመጨረሻው ደግሞ እዚሁ ደጃችን ያለውን መዝለል ነው። በ1941 የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ እንግሊዞች የጣልያንን ከፍተኛ ምስጢራዊ መልእክቶች ያነቡ ነበር። ካይሮ አጠገብ ሄሊዮፖሊስ ላይ ለዚሁ ሥራ ጥምር ቢሮ ከፍተው ነበር። ከረን በማርች 1941 የተያዘችው የጣልያን አዛዦች የሚላላኩት በእንግሊዝ ጠረጴዛ ላይ እየተነበበ ነው። ባለፈው ስለ ከረን ስድስት ገጽ የላከልኝ ልጅ ለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም። ጨምርበት ብዬ መለስኩለት፤ እስካሁን አላመጣም።