የጊኒ ፒግ የእንቁላል እጢ ሲስት፦ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ቁስሉ መዳን

በአዳማ ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ቤተሰብ ብዙ ስላልሆነ እንስሳዋ ስትታመም ልምድ ያለው ጎረቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የእንስሳት ሐኪሞቻችንም ዕለት ተዕለት የሚያዩት ላም፣ በግ፣ አህያና ውሻ ነው። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት የሦስት ዓመቷ ጊኒ ፒጋችን ቡሬ በሁለቱም የእንቁላል እጢዎቿ ላይ ሲስት ተገኝቶባት ቀዶ ጥገና በተደረገላት ጊዜ የተማርኩትን፣ ሌላው አሳዳጊ በጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንዳይፈልገው፣ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤውም ወደ መፍትሔው አድርጌ ለማስቀመጥ ነው። ሲስት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በሆናቸው ሴት ጊኒ ፒጎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ከወንድ ጋር ኖራ የማታውቀውንም አይምርም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ሊኖርዎ ይገባል። ጊኒ ፒግ በአውሬ የምትታደን ፍጥረት በመሆኗ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች፤ ሚዛኑ ግን አይደብቅም። በጤናዋ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሕመም ከተጠረጠረበት ዕለት ጀምሮ ደግሞ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኗትና ቁጥሩን በደብተር ላይ ይጻፉ። ከተለመደው ክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች፣ ለምሳሌ 900 ግራም የነበረችው 810 ከደረሰች፣ ሌላ ምልክት ባይታይም ወደ ሐኪም መሄድ አለባት።

ምልክት፦ በሁለቱም ጎኖቿ ፀጉሯ ሳስቷል

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ይህ ነው። ከወገቧ ግራና ቀኝ ያለው ፀጉር ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄድና ንጹሕ ቆዳዋ ይታያል። የሚረግፈው በሁለቱም ወገን እኩል መሆኑና እንስሳዋ ቦታውን አለማከኳ ዋነኛ መለያው ነው። መንስኤው ሆርሞን የሚያመነጨው የሲስት ዓይነት ሲሆን፣ ይኸው ሆርሞን የጡቷን ጫፍ ሊያሳብጥና ቅርፊት ሊያስይዘው፣ ጠባይዋንም ሊለውጥ ይችላል። ቡሬ አብራት የምትኖረውን እህቷን እንደ ወንድ እያጉረመረመች ትወጣባት ጀምራ ነበር፤ እኛ ግን ጥጋብ መስሎን ሁለት ሳምንት አለፍነው።

ይህ ምልክት በብዛት ከእከክ ጋር ይምታታል። እከክ የያዛት ጊኒ ፒግ ግን ቆዳዋ እስኪቆስል ድረስ ታካለች፣ ፎሮፎር ይረግፍላታል፣ ሲብስም ስትነካ እስከ መንፈራገጥ ትደርሳለች። ቆረቆር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፍንጫዋና ከዓይኗ ዙሪያ ነው፤ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። የእከክ መድኃኒት የሆነው አይቨርሜክቲን ለሲስት ምንም አይፈይድም፤ ስለዚህ የማታክና በሁለት ጎኗ እኩል የተመለጠች እንስሳ መርፌ ከመወጋቷ በፊት ሆዷ እንዲታይ ይጠይቁ። በሌላ በኩል፣ ሆርሞን የማያመነጭ የሲስት ዓይነትም አለ፤ እሱ ፀጉሯን ሳይነካ በዝምታ ስለሚያድግ የፀጉሯ ጤንነት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ምልክት፦ ሆዷ እየሰፋ ጀርባዋ ይከሳል

በመዳፍዎ አከርካሪዋን ሲዳስሱ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ከስር ሲያይዋት ግን ሆዷ ከኋላ ሰፍቶ የበርበሬ ቅል መስሏል። መንስኤው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አንስቶ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችለው ከረጢት ሆድ ዕቃዋን ማጣበቡና ጨጓራዋ ምግብ የሚይዝበት ቦታ ማጣቱ ነው። እኛን መጀመሪያ ያገኘን አንድ ባለሙያ «እርጉዝ ናት» ብሎ መልሶን ነበር። የጊኒ ፒግ እርግዝና ከ59 እስከ 72 ቀን ነው፤ ከወንድ ከተለየች ከዚህ በላይ የቆየች እንስሳ ሆዷ ቢነፋ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ሽንቷ ላይ ደም ከታየም የፊኛ ጠጠር ወይም የማሕፀን ሕመም ሊኖር ይችላል። ሆዷ በሰዓታት ውስጥ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ከጠጠረ ግን ነገሩ ሲስት ሳይሆን የሆድ መነፋት ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከረጢቱን ለማግኘት ብለው ሆዷን በጣትዎ አይጫኑ፤ ሊፈነዳ ይችላል። እርግጡን የሚናገረው አልትራሳውንድ ነው።

ከምርመራው በኋላ የሚቀርቡት መንገዶች ሦስት ናቸው። በመርፌ ውሃውን መቅዳት ለጊዜው ያስተነፍሳታል፣ ነገር ግን ከረጢቱ ተመልሶ ይሞላል። የሆርሞን መርፌ የሚረዳው ሆርሞን አመንጪውን ዓይነት ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናው የእንቁላል እጢዎቿንና ማሕፀኗን አብሮ የሚያወጣ ሲሆን፣ ማሕፀኗም ከሲስቱ ጋር የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ የሚፈታው እሱ ነው። እንስሳዋ ገና የምትበላና ክብደቷን የጠበቀች ከሆነች፣ በእኔ እምነት፣ አቅም እያላት መቀደዷ ተዳክማ ከመቀደዷ ይሻላል። በጣም ያረጀች ወይም ልቧና ሳንባዋ የታመመ ከሆነ ግን በየጊዜው እያስቀዱ ማቆየትም ፍቅር ነው፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል።

ለአዳማ ሰው ቀረብ ያለው ትልቅ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። የትም ቢሄዱ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው፣ «ዶክተር፣ ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ አደንዝዘው ያውቃሉ? ከሕመም ማስታገሻ ምን ይሰጧታል? ሲያደነዝዟት ሙቀቷን በምን ይጠብቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄውን የሚያከብር ሐኪም መልሱንም በዝርዝር ይሰጥዎታል።

ምልክት፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሌሊቱን በረሃብ አድራለች

ይህ ምልክት ሳይሆን እኛ የምንፈጥረው ችግር ነው፤ መንስኤውም የሰውንና የውሻን ደንብ ወደ እሷ ማምጣት ነው። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የሚባለው በማደንዘዣ ውስጥ እንዳታስመልስ ነው። ጊኒ ፒግ ግን ማስመለስ አትችልም። አንጀቷ ሥራውን የሚቀጥለው ሣር ያለማቋረጥ ሲገባለት ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን የተራበች እንስሳ ከማደንዘዣው ስትነቃ አንጀቷ ቆሞ ይጠብቃታል። መፍትሔው ድርቆሽና ውሃ እስከ መጨረሻው አካባቢ አብረዋት እንዲቆዩ፣ ከዚያም ሐኪሙ አፏ ውስጥ የቀረውን ቅጠል በውሃ አጥቦ እንዲያጸዳ መጠየቅ ነው፤ እሷን የሚያሰጋት በጉንጯ የቀረው ምግብ ወደ መተንፈሻዋ መግባቱ ነውና።

ከቀዶ ጥገናው ቀን ቀደም ብሎ ቫይታሚን ሲን ማጠናከር ያስፈልጋል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ይህን ቫይታሚን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፣ ያለ እሱ ደግሞ ቁስል አይገጥምም። ጤነኛዋ በኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይበቃታል፤ ለታመመችው ሐኪሙ ከፍ ያደርገዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ስኳር የሌለበት የ500 ሚሊ ግራም ክኒን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢሟሟ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ 25 ነው ማለት ነው። በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፣ በመጠጫዋ ውስጥ ከመጨመርም በስሪንጅ በአፏ ይስጧት። ጎመንና የፈረንጅ ቃሪያም ጥሩ ምንጮች ናቸው።

ጉዞው በማለዳ ይሁን። የጊኒ ፒግ አገሯ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ ቦታ ነው፤ የአዳማን የመጋቢትና የሚያዝያ ቀትር አትችለውም። ጓደኛ ካላት አብረው በአንድ ሳጥን ይሂዱ።

ምልክት፦ ቀዝቅዛለች፣ ኩርምት ብላለች

ከቀዶ ጥገናው የወጣች ጊኒ ፒግ ጆሮዋና እግሯ በረዶ ሊሆን ይችላል። ጤናማ ሙቀቷ ከ37.2 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው፤ ማደንዘዣው ያወርደዋል፣ ለቀዶ ጥገና የተላጨው ሆዷም ያስበርዳታል። በቅዝቃዜ ውስጥ ያለች እንስሳ መድኃኒቱን ከሰውነቷ ማስወጣትም፣ መብላትም አትችልም። መብራት ቢጠፋም የማያሳፍር ዘዴ አለ፦ ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ በወፍራም ፎጣ መጠቅለልና ከጎኗ ማስቀመጥ። ዳር ላይ ይሁን፣ ሲሞቃት መሸሻ ታግኝ። በየሁለት ሰዓቱ ውሃውን ይቀይሩ፤ የበረደ ሃይላንድ ሙቀቷን መልሶ ይስባል።

ምልክት፦ አትበላም፣ በጠጧም ቀንሷል

ይህ ከሁሉም ክፍሎች የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ቀዶ ጥገናውን በሰላም ያለፈች እንስሳ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የምትታጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና። በጠጧ በመጀመሪያው ቀን አንሶና ደቅቆ ቢወጣ የሚጠበቅ ነው። ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልወጣና ምንም ካልበላች ግን አንጀቷ እየቆመ ነው።

መንስኤው አንድም ሕመም፣ አንድም ባዶ አንጀት ነው፤ ሁለቱም ይመጋገባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሟ ይታይ። ጥርሷን የምታፋጭ፣ ፀጉሯ የቆመ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ የያዘች ከሆነች ማስታገሻው አልበቃትምና ሐኪሙ ዘንድ ይደውሉ። በብዛት የሚሰጡት ሜሎክሲካምና ቡፕረኖርፊን ሲሆኑ መጠኑን ሐኪሙ ብቻ ይወስናል። ቤት ውስጥ ያለ የሰው ማስታገሻ በምንም ምክንያት አይስጧት።

ከዚያ ማጉረስ ነው። ለታመሙ እንስሳት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የምግብ ዱቄት ካልተገኘ ስታርች ያልበዛበትን የጥንቸል እንክብል መኖ በሙቅ ውሃ አርሶ፣ ፈጭቶና አጥልሎ እንደ ቀጭን ገንፎ ማድረግ ይቻላል። በኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል፤ 900 ግራም ገደማ ለምትመዝነው ቡሬ ከ45 እስከ 72 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ሌሊቱንም ጨምሮ በስድስት ጊዜ ስንከፍለው በአንድ ጊዜ 10 ገደማ ደረሰ። የአንድ ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጫፉ ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል፤ ጫፉን ቆርጦ በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ይረዳል።

አጎራረሱም እንዲህ ነው። እንስሳዋን በፎጣ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ በአራት እግሯ ያስቀምጧት፤ በጀርባዋ በፍጹም አያስተኟት። የፊት ጥርሶቿ ካለቁበት ጀርባ፣ በጎን በኩል ጥርስ የሌለበት ክፍተት አለ፤ ስሪንጁን በዚያ አስገብተው ከግማሽ ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ይጨምቁ፣ ከዚያ ይጠብቁ። መንጋጋዋ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲፈጭ ያያሉ፤ ስትውጥ ጉሮሮዋ ትንሽ ከፍ ይላል። ቡሬ በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ተፋችው፤ አራተኛውን ግን ያዘችው፣ ቀስ ብላ አላመጠችው፣ ከዚያም አፍንጫዋን ወደ ስሪንጁ መልሳ ዘረጋች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ንጋት ላይ ከሰርዶ አንድ ዘለላ መዝዛ ስትበላ አገኘኋት። ከአፏ ፊት ሁልጊዜ ትኩስ ሰርዶና ድርቆሽ ይኑር፤ ማጉረስ የራሷን መብላት እስክትጀምር የሚያደርስ ድልድይ ነው እንጂ ምትክ አይደለም፣ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሣር ካላኘከች ሌላ ችግር ይከተላል።

ምልክት፦ ከመርፌ ወይም ከክኒን በኋላ ተቅማጥ

ብዙ ጊዜ መንስኤው የተሳሳተ አንቲባዮቲክ ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና በእንስሳት ክሊኒክ በየቀኑ የሚወጋው ፔንስትረፕ ለጊኒ ፒግ ገዳይ ናቸው፤ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ጨርሰው መርዘኞቹን ያነግሣሉ። ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር ይችሉላታል። መርፌው ከመወጋቱ በፊት የመድኃኒቱን ስም መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ተቅማጡ ከጀመረ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ ነገ ይሻላት ይሆናል ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ምልክት፦ ቁስሉ አብጧል ወይም ረጥቧል

በስፌቱ ላይ ለስላሳ፣ ያልቀላና የማያም ትንሽ እብጠት በራሱ ሊሟሽሽ ይችላል። ቀልቶ የሚያተኩስ፣ መግል የያዘ ወይም የተከፈተ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። በስፌቱ ጊዜ ሰጋቱራ አይጠቀሙ፤ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ዘርግተው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀይሩ። በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ ዝንብ የእርጥብ ቁስል ጠላት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ስለዚህ የአልጋ አጎበር በጎጆዋ ላይ ይጣል፣ ጠዋትና ማታም ሆዷ ይታይ። ስፌቱ በራሱ የማይሟሟ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ድዷ የነጣ ወይም ከስፌቱ ደም የማይቆም ከሆነ ሌላ ምልክት አይጠብቁ፤ በቅርብ ወደሚገኘው ሐኪም ይብረሩ።

እህቷን ከተመለሰችበት ምሽት ጀምሮ በወንፊት ሽቦ ለይተን ጎን ለጎን አስተኛናቸው፤ በአራተኛው ቀን ቁስሉ ደርቆ ስለነበር ሽቦውን አነሳነው። ቡሬ ከ870 ግራም ወደ 815 ወርዳ ነበር። በ12ኛው ቀን ስፌቱ ሲወጣ 860 መዘነች፣ በሁለተኛው ወርም በተመለጡት ጎኖቿ ላይ ቡናማ ፀጉር በቀለ።